ደንብ ኩባንያ ያባርራል? ከኡበርና ከሊፍት ጉዳይ የምንማረው

በ2024 በሚኒያፖሊስ የሐበሻ ቤቶች አንድ ጥያቄ ነበር፦ "ኡበርና ሊፍት የምራቸውን ሊሄዱ ነው?" ብዙዎቻችን በዚህ ሥራ የሚኖር አባት፣ አጎት ወይም ጎረቤት አለን። እኔ ነርሲንግ ስለምማር፣ መኪና የሌላቸው ታካሚዎችም ያሳስቡኝ ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማርች 14 ቀን የከተማው ምክር ቤት የከንቲባ ጄከብ ፍሬይን ቬቶ 10 ለ 3 ሽሮ ለአሽከርካሪዎች ዝቅተኛ ክፍያ ወሰነ፦ በማይል 1.40 ዶላር፣ በደቂቃ 0.51 ዶላር። ኩባንያዎቹ "እንወጣለን" አሉ። ሜይ ላይ ግን የሚኒሶታ ሕግ አውጪዎች የከተማውን ደንብ የሚተካ ሕግ አጸደቁ፦ በማይል 1.28፣ በደቂቃ 0.31 ዶላር። ሕጉ በመላው ስቴቱ ሥራ ላይ ዋለ። ኩባንያዎቹም ቀሩ።

እስቲ እናስላው። 10 ማይል ርቆ 20 ደቂቃ ለሚወስድ ጉዞ፦

- በከተማው ደንብ፦ 24.20 ዶላር
- በስቴቱ ሕግ፦ 19.00 ዶላር
- የስቴቱ የሠራተኛ መሥሪያ ቤት ጥናት ባስቀመጠው (በማይል 0.89፣ በደቂቃ 0.49)፦ 18.70 ዶላር

ጥናቱ የጠየቀው፣ አሽከርካሪው ወጪውን ከሸፈነ በኋላ የከተማውን ዝቅተኛ ደመወዝ እንዲያገኝ ስንት ያስፈልጋል የሚለውን ነው። ስለዚህ ክርክሩ "ደንብ ይኑር ወይስ አይኑር" አልነበረም፤ "ስንት ይሁን" ነበር። መድኃኒትም ቢሆን የሚያድነው በመጠኑ ሲሰጥ ነው።

ዛቻው ባዶ ነበር ማለት ግን አይደለም። በ2016 በኦስቲን፣ ቴክሳስ፣ የአሽከርካሪዎች የጣት አሻራ ምርመራ ሲጸና ሁለቱም በእርግጥ ወጡ። ራይድኦስቲንን የመሳሰሉ አገልግሎቶች ቦታቸውን ያዙ። በ2017 የቴክሳስ ሕግ የከተማውን ደንብ ሲሽር ሁለቱ ተመለሱ። ሁለቱም ታሪኮች የሚያሳዩት አንድ ነገር ነው፦ ከአንድ ከተማ መውጣት ይቻላል፣ ሙሉ ስቴት መተው ግን ይከብዳል።

እኔ የደረስኩበት ይህ ነው፦ የኩባንያ ዛቻ ደንቡ ክልሉን እንደሚጎዳ ማስረጃ አይሆንም፤ ቁጥሩን እንድንመረምር ግን ያስገድደናል። ሠርቶ ኪራዩን መክፈል የማይችል አሽከርካሪ ያለባት ከተማም ተወዳዳሪ ናት ለማለት ይከብዳል።

ለውይይት፦ ዋጋ ጨምሮ ጉዞ ቢቀንስ የአሽከርካሪው ገቢ ምን ይሆናል? ቤት ያሉትን ጠይቁና ለሚቀጥለው ስብሰባችን መልሳቸውን ይዛችሁ ኑ።