በመኪኖች መሀል ለምትሾልክ ልጄ

ልጄ፣ እዚሁ ሎስ አንጀለስ ሞተር መግዛትህን ሰማሁ። እናትህ «ተው በለው» ብላኝ ነበር፤ እኔ ግን አልልህም። በመኪኖች መሀል መሹለክ ይፈቀድ ወይስ ይከልከል ብትለኝ፣ በልኩ ከሆነ ይፈቀድ ባይ ነኝ። ልኩን ግን ታክሲ ሲነዳ ከኖረ ሰው ስማ።

1. ሕጉን እወቅ። ከአሜሪካ ግዛቶች ይህን በሕግ በግልጽ በመፍቀድ ካሊፎርኒያ የመጀመሪያዋ ናት፤ ሕጉ የጸናው እ.ኤ.አ. ከጥር 2017 ጀምሮ ነው። በምን ያህል ፍጥነት እንደምትሾልክ ግን ቁጥር አላስቀመጠልህም።

2. ልዩነቱን ጠብቅ። የበርክሌይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጡት ጥናት፣ መኪኖቹ በሰዓት ከ50 ማይል ሳይበልጡ ሞተረኛው ከእነሱ በ15 ማይል ብቻ ቢፈጥን መሹለኩ ያን ያህል አደገኛ እንዳልሆነ ጽፈዋል። እኔ 10 ይበቃሃል እላለሁ። 405 ፍሪዌይ ላይ መኪናው በ20 ሲንፏቀቅ አንተ በ30 እለፍ። በ60 ከመጣህ፣ ሹፌሩ ስፖኪዮውን አይቶ «ባዶ ነው» ብሎ መሪ ሲያዞር በሩ ላይ ትደርሳለህ።

3. ፍሬኑን አትልቀቅ። መሹለክን የምደግፈው፣ ከሰልፉ ኋላ የቆመን ሞተረኛ ስልኩን እያየ የሚመጣ ሹፌር ስለሚገጨው ነው። ያው ጥናት የሚሾልኩት ከኋላ የሚገጩት ባነሰ መጠን እንደሆነ፣ የፊተኛውን መኪና የሚገጩት ግን በበለጠ እንደሆነ አሳይቷል። አንዱን ሸሽተህ ሌላው ላይ አትውደቅ።

4. ቦታ ምረጥ። በግራ ጫፍ ባሉት ሁለት መስመሮች መካከል ማለፍ ይሻላል። በከባድ መኪናና በአውቶቡስ ጎን አትግባ። የመንገዱ ዳር ደግሞ በሕጉ ውስጥ የለም።

5. ፍሬቻ አትጠብቅ፣ ጎማ እይ። አንዱ መስመር ቆሞ ሌላው ሲንቀሳቀስ፣ የቆመው ሹፌር መዝለሉ አይቀርም። ፍሬቻ ሳያበራ የፊት ጎማው ይዞራል፤ ከዚያም በፊት አንገቱ ይዞራል።

6. እልህ አትጋባ። «ወረፋ ዘለለ» ብሎ የሚናደድብህ አለ። አንተ ስታልፍ የማንም ቦታ አልተወሰደም፤ እንዲያውም ከፊቱ አንድ ተሽከርካሪ ተቀነሰለት። ሆን ብሎ መንገድ ቢዘጋብህም ሆነ በር ቢከፍትብህ ሕግ የጣሰው እሱ ነው። አንተም ስፖኪዮውን አትምታ፤ ጠጋ ብሎ ላሳለፈህ እጅህን አንሣለት።

7. ድንበር ስትሻገር ተሰለፍ። ላስ ቬጋስ ዘመድ ልትጠይቅ ስትሄድ፣ ኔቫዳ ከገባህ መሹለክ ክልክል ነው። ዩታ እ.ኤ.አ. በ2019 ስትፈቅድ መኪኖቹ ቆመው፣ የመንገዱ የፍጥነት ወሰን ከ45 ማይል ሳይበልጥ፣ ሞተሩም ከ15 ሳያልፍ ነው። ይፈቀድ አይፈቀድ የሚለው ክርክር በየግዛቱ አላለቀም። በልኩ ካለፍክ ለሚፈቅዱት ማስረጃ ትሆናለህ፤ ከበረርክ ለሚከለክሉት።