ሃይድሮጅን ወይስ ባትሪ? የመጋዘን ፎርክሊፍት ወጪ በልደታ ክፍለ ከተማ

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ስለ ኤሌክትሪክ መኪና ብዙ ተብሏል፤ የመጋዘን ፎርክሊፍት ግን እምብዛም አይነሳም። ይህ ጽሑፍ በልደታ ሁለት ወይም ሦስት ፎርክሊፍት የሚያሠራ መጋዘንን ታሳቢ አድርጎ የሃይድሮጅን ነዳጅ ሴልንና የባትሪን ወጪ ያነጻጽራል።

ለነዳጅ ሴል የሚቀርበው ጠንካራ ማስረጃ ከአሜሪካ የመጣ ነው። የአገሪቱ ብሔራዊ የታዳሽ ኃይል ላቦራቶሪ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ጥናት፣ በቀን ከአንድ ፈረቃ በላይ በሚሠሩ ትላልቅ መጋዘኖች የአንድ ትልቅ ፎርክሊፍት ዓመታዊ ወጪ በባትሪ 19,700፣ በነዳጅ ሴል 17,800 ዶላር ገደማ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው የኃይል ዋጋ አይደለም፤ ሃይድሮጅኑ እንዲያውም ከኤሌክትሪክ ይወደድ ነበር። ትርፉ የተገኘው ባትሪ ለመለወጥ ከሚባክነው የሠራተኛ ጊዜና ከባትሪ ክፍሉ ስፋት ነው። ተነጻጻሪውም ሊድ አሲድ እንጂ ሊቲየም አልነበረም።

ስሌቱ ልደታ ሲደርስ ይገለበጣል። ውሃን በኤሌክትሪክ በመሰንጠቅ አንድ ኪሎግራም ሃይድሮጅን ለማምረትና ለማመቅ 55 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ነዳጅ ሴሉ ከዚህ የሚመልሰው 16 ወይም 17 ብቻ ነው። በፈረቃ 20 ኪሎዋት ሰዓት የሚፈጅ ፎርክሊፍት ቢታሰብ፣ ከመስመር የሚሳበው ኃይል በሊቲየም ባትሪ 24፣ በሃይድሮጅን 66 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይሆናል። 5,150 ሜጋዋት አቅም ያለው የሕዳሴ ግድብ ስለተመረቀ ሃይድሮጅን ያዋጣል የሚል ክርክር እዚህ ላይ ይስታል፤ ርካሹ ታሪፍ ለባትሪውም ያው ነውና። ማምረቻውና ማደያው ደግሞ ለመቶ ፎርክሊፍት ሲካፈል ይቀላል፤ ለሦስት ሲካፈል አይቻልም።

የከፍታም ነገር አለ። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ የአየሯ ግፊት የባሕር ጠለሉን ሦስት አራተኛ ያህል ነው። ነዳጅ ሴል ኦክስጅኑን ከአየር ስለሚወስድ ወይ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ ወይ ኮምፕሬሰሩ ተጨማሪ ኃይል ይበላል። ባትሪን ይህ አይነካውም።

ስለዚህ በልደታ እውነተኛው ምርጫ በሊድ አሲድና በሊቲየም መካከል ነው። ሊድ አሲድ በግዥ ይረክሳል፤ ነገር ግን ለመሙላት ስምንት ሰዓት ያህል ይወስዳል፣ ከዚያም መቀዝቀዝ አለበት። ከባድ መኪናዎች በቀን እንዳይንቀሳቀሱ የሚጣለው ገደብ ማራገፉን ወደ ሌሊት ስለሚገፋው፣ ሌሊት ይሞላል የተባለው ባትሪ በዚያው ሰዓት ለሥራ ይፈለጋል። በየዕረፍቱ ጥቂት ጥቂት መሙላት የሚቻለው ሊቲየም የግዥ ዋጋውን የሚያካክሰው በዚህ ነው፤ መብራት ሲጠፋ የሚነሳው ጄኔሬተር የሚፈጀው ናፍጣ ግን በሁለቱም ስሌት መግባት አለበት። ሃይድሮጅን ሊፈተሽ የሚገባው እንደ ሞጆ ደረቅ ወደብ ባለ፣ ብዙ ማሽን በሚያሠራ ሰፊ ግቢ ነው፤ በዚያም ቢሆን መነጻጸር ያለበት ከሊቲየም ጋር ነው።