ከቤት እድሳት የተማርኩት፦ ከዋጋው ይልቅ ቀኑ ነው የሚያከስረው

ዛሬ የዋጋ ሰንጠረዥ አንለጥፍም። ብዙዎቻችሁ በውስጥ መስመር «ጤፉን አሁን ልሽጥ ወይስ እስከ ክረምት ልያዝ?» ትሉኛላችሁ። መልሱን በራሴ ቤት ከደረሰው ልጀምር። ነገሩ የቤት እድሳት ነው፤ ግን እስከ መጨረሻው አንብቡት።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ላይ ብቸና ያለውን የቤተሰባችንን ቤት ማደስ ጀመርን። የእንጨትና የጭቃ ቤት ነው። ቆርቆሮው ዝጓል፤ እህል የምናስቀምጥበት ጓዳ ያፈሳል። ጣራው ሊቀየር፣ ግድግዳው እንደገና ሊመረግና ሊለሰን፣ ወለሉ ሊሾ ሊሆን ተስማማን። ማለቂያው ግንቦት 30 ነው ተባለ።

ወጪዬን የማሰላው በጤፍ ነው። 40 ኩንታል ነበረን፤ 28ቱ የእኔ፣ 12ቱ የእናቴ። ለቤቱ 15 ኩንታል ሸጥኩ። የቀረኝን 13 ኩንታል እስከ ነሐሴ ልይዝ አሰብኩ። እንደምታውቁት ጤፍ ከአውድማ ሲወጣ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ይረክሳል፤ ክረምት ላይ ይወደዳል። ዕቅዱ በወረቀት ላይ ያምር ነበር።

ቤቱ ያለቀው ታኅሣሥ 2017 ላይ ነው። ሦስት ወር ተኩል ያልኩት አሥር ወር ፈጀ።

መጀመሪያ የዘገየው በጭድ ነው። ምርጊት ያለ ጤፍ ጭድ አይያዝም፤ ይሰነጠቃል። ጭዱን ታኅሣሥ ላይ መግዛት ሲገባኝ መጋቢት ላይ ስፈልግ ሁሉም ለበሬው ከምሮታል፣ የሚሸጥ የለም። ሁለተኛው አናጢው ነው። የሞጣ ሰው ነው፤ ጣራ ላይ እጁ የተመሰገነ። ለፋሲካ አገሩ ሄደ፤ «ከዳግማይ ትንሣኤ በኋላ እመጣለሁ» አለ። ከደጀን በብቸናና በደብረ ወርቅ አድርጎ ሞጣ የሚደርሰው መንገድ በዚያ ሰሞን አንድ ቀን ቢከፈት ሁለት ቀን ይዘጋል። የቀን ሠራተኞቹም ገበሬዎች ናቸው፤ እርሻ ሲደርስ ወደ በሬያቸው ተመለሱ።

ሰኔ ገባ። ግማሹ ጣራ ክፍት ነው። ስድስት ሰው በአንድ ክፍል፣ ከጆንያው ጋር። ልጆቹ ኩንታል ላይ ይተኛሉ፤ እናቴ በሸራ ሥር ትጋግራለች። በሚያዝያ 6 ኩንታል፣ በሰኔ 7 ኩንታል ሸጥኩ። ለነሐሴ ያልኩት 13 ኩንታል ነሐሴን ሳያይ አለቀ።

መንገዱ ሲከፈት ሞጣ ድረስ ሄድኩ። አናጢውን ያገኘሁት ጣራ ላይ ነው። ቤቱ የማን ነው? የራሱ! ከፊሉ ቆርቆሮ፣ ከፊሉ ሸራ። «ሁለት ዓመት ሆነው» አለኝ እየሳቀ። ተናድጄ ሄጄ ነበር፤ ንዴቴ እዚያው በረደ። ቡና ተፈልቶ ስንጠጣ «ታዲያ ለምን ሦስት ወር ብለህ ቀብድ ተቀበልክ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ስምንት ወር ብልዎት ይቀጥሩኝ ነበር?»

አልቀጥረውም ነበር። ሦስት ወር የሚለውን ሌላ አናጢ ነበር የምፈልገው።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ። 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት 100 ብርን አለፈ። እኔ የዋጋ ተንታኙ ቀሪውን ቆርቆሮና ሚስማር «ይረግባል» ብዬ ሳልገዛ ነበር የቀረሁት። ለእናንተ የምመክረውን ለራሴ አልሰማሁም።

የቀረው የእናቴ ጤፍ ነው። ከ12ቱ 8 ኩንታሉ የአባቴን የሙት ዓመት ተዝካር ልትደግስበት ያስቀመጠችው ነው፤ ጥቅምት ላይ። «እማዬ፣ በመኸር እመልሰዋለሁ» አልኳት። አልተቆጣችም። «ውሰደው። ካህናቱን መቼ እንደምጠራ ቀኑን ብቻ ንገረኝ» አለች። የምነግራት ቀን አልነበረኝም። ተዝካሩ ወደ ጥር ተዛወረ። 8 ኩንታሉን በጥር ገዝቼ መለስኩ። ጥቅምትን ግን መመለስ አይቻልም።

አሁን ሒሳቡን እንየው። ከታቀደው በላይ የሄደው 21 ኩንታል ነው፦

▪️ በዕቃ ዋጋ መናር፦ 7 ኩንታል
▪️ ዝናብ ያበላሸውን ልስን እንደገና ለመሥራት፦ 4 ኩንታል
▪️ እህል ላስቀመጥንበት የኪራይ ቤትና ለተሸካሚ፦ 3 ኩንታል
▪️ ለሁለተኛ አናጢና ለሁለተኛ ቀብድ፦ 5 ኩንታል
▪️ ሥራ ሳይሠራ ለተከፈለ የቀን ሒሳብ፦ 2 ኩንታል

የዋጋ ንረቱ 7 ብቻ ነው። 14ቱን የበላው ጊዜ ነው። ያውም 13 ኩንታል ያለጊዜው መሸጤ የቀረብኝ ትርፍ ሳይቆጠር።

ይህ የእኔ ሞኝነት ብቻ አይደለም። ዳንኤል ካህነማንና አሞስ ትቨርስኪ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1979 እ.ኤ.አ. ጽፈውበታል፦ ሰው የራሱን ሥራ ሲገምት የሚያየው ሐሳቡን ነው፤ ተመሳሳይ ሥራ ሌላው ጋ ስንት እንደፈጀ አይጠይቅም። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣ ጥናት ደግሞ ተማሪዎች የመመረቂያ ጽሑፋቸውን በአማካይ በ34 ቀን እንጨርሳለን ብለው 55 ቀን ፈጅቶባቸዋል። እኔም ዘግይቼ ጎረቤቶቼን ጠየቅኩ። ቤት ካደሱት ሦስቱ አንዳቸውም በቀኑ አልጨረሱም። አጥር ለአጥር እየኖርን ቀድሜ አልጠየቅኩም።

ከዚህ የምንወስደው፦

1️⃣ ላኪዎች፦ የማስረከቢያ ቀን ስትፈርሙ «መኪናው በሁለት ቀን ይደርሳል» አትበሉ። ያለፉት አሥር መኪኖች ስንት ቀን እንደፈጁ ቁጠሩ፤ ውሉን በዚያ ጻፉ።

2️⃣ ዩኒየኖች፦ መጋዘን ስታሠሩ አጭር ቀን የጻፈውን ተጫራች ብቻ አትሸልሙ። ከዚህ በፊት የሠራውን መቼ እንዳስረከበ ጠይቁ። እውነቱን የሚናገረውን ካባረርን የሚቀረን እንደኔ አናጢ «ሦስት ወር» የሚለው ነው።

3️⃣ ነጋዴዎች፦ ለሥራው የግድ የሚያስፈልገውን ዕቃ በወቅቱ ግዙ። ጭድ በታኅሣሥ፣ ቆርቆሮ ከመጀመሪያው ቀን።

4️⃣ ለሁላችንም፦ ማለቂያው ለማይታወቅ ሥራ ወቅት ጠብቆ የሚሸጥ እህል አትመድቡ። «ልሽጥ ወይስ ልያዝ?» ለምትሉኝ መልሴ ይኸው፦ በክረምት የሚጠብቃችሁ ክፍት ጣራ ካለ፣ ጤፉን የያዛችሁት ይመስላችኋል እንጂ አስቀድሞ ተሽጧል።

ቤቱ አሁን ደህና ነው፤ አያፈስም። ዘንድሮ እናቴ አጥሩን እናሳድስ ስትል «ስንት ቀን ይፈጃል?» አልኳት። «መጀመሪያ ጎረቤት ጠይቅ» አለችኝ።

እናንተስ? ያቀዳችሁትንና የፈጀባችሁን ቀን ጻፉልን፤ እንማማርበታለን። መልካም ገበያ!