የደጋ ቤት ምድጃን አሻሽሎ ቤቱን ስለ ማሞቅ

በደጋ አገር ምድጃ ሁለት ሥራ አለው፤ አንደኛው ማብሰል፣ ሁለተኛውም ቤቱን ማሞቅ ነው። አዲስ ምድጃ ለባላገር የሚያስተምር ሹም ግን ብዙ ጊዜ የፊተኛውን ብቻ ያስባል። ስለዚህ አዲሱ ምድጃ ወደ ጥግ ተገፍቶ ሦስቱ ጉልቻ ተመልሶ የተተከለ እንደ ሆነ ባላገሩን በስንፍና መንቀፍ አይገባም። ደብረ ብርሃንን በመሰለ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ያህል ከፍ ባለ አገር፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ውርጭ ሕፃንና ሽማግሌ የሚጠለሉት በዚያው እሳት ነውና።

ጉልቻ እሳቱን ገልጦ ስለሚያሳይ የተቀመጠውን ሰው ፊቱን ያሞቀዋል፤ ጀርባውን ግን ብርድ ይመታዋል። የሙቀቱም ብዙው እጅ ከጭሱ ጋር በክዳኑ ይወጣል። በ1980ዎቹ ዓመተ ምሕረት በአገራችን የተሠራው ምርጥ ምድጃ ከሲሚንቶና ከአሸዋ ተቀርጾ ምጣዱን ዙሪያውን ይከበዋል፤ ጭሱ በሚወጣበትም በስተኋላው ድስት ይጣዳል። እንጀራ ሲጋገር ከጉልቻው ይልቅ እስከ እኩሌታ የሚደርስ እንጨት ያተርፋል። የሚነደው እንጨት ባነሰ መጠን ግን ለቤቱ የሚደርሰው ሙቀት ደግሞ ያንሳል፤ ይህን ለቤት እመቤቲቱ አስቀድሞ መንገር ይገባል።

መድኃኒቱ ሙቀቱን ማቆየት ነው። ድንጋይና ጭቃ ቀስ ብሎ ይሞቃል፣ ቀስ ብሎም ይበርዳል፤ ስለዚህ ምድጃው ከመኝታው መደብ አጠገብ ቢተከል፣ በመካከላቸውም ወፍራም የድንጋይና የጭቃ ግንብ ቢሠራ፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ግንቡ ሙቀቱን ይሰጣል። የግድግዳውን ስንጥቅ በጭቃና በጭድ መምረግ ብዙ እንጨት ከማንደድ ይልቅ ይጠቅማል፤ ጭሱ የሚወጣበት ቀዳዳ ግን ከቶ አይደፈንም። እርጥብ እንጨት ብዙ ጊዜ ከክብደቱ እኩሌታ ያህሉ ውሃ ስለ ሆነ፣ እሳቱ ቤቱን ከማሞቁ በፊት ውሃውን ሲያተን ይደክማል። ከዝናም ተከልሎ ለወራት የደረቀ እንጨት ይሻላል። ኩበትም ቢሆን በምድጃ የነደደው ሁሉ ከገብሱ ማሳ የተቀነሰ ፍግ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈራው ከሰል ነው። ጭስ ስለሌለው የጠራ እሳት መስሎ ይታያል፤ ነገር ግን ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል፣ ሽታም መልክም የሌለው መርዝ ይወጣዋል። በሩን ዘግቶ የከሰል ምድጃ አጠገቡ አድርጎ የተኛ ሰው ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። የተዳፈነ ፍምም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ከመተኛት በፊት ፍሙ ሁሉ ወደ ውጭ ይውጣ። ራሱን ያመመው፣ ያቅለሸለሸው፣ ጉልበቱም የከዳው ሰው የተገኘ እንደ ሆነ በሩን ከፍቶ ወዲያው ወደ ንጹሕ አየር ማውጣት፣ ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ማድረስ ያስፈልጋል።