በድንኳን ለማደር ወደ ወንጪ ሐይቅ የሚደረግ ጉዞ እንዴት ይሰናዳል?

ድንኳን ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዐፄ ፋሲለደስ በ1636 እ.ኤ.አ. ጎንደርን ከመቈርቈራቸው አስቀድሞ ነገሥታቱ ለብዙ ዘመን ከሰፈር ወደ ሰፈር እየተዘዋወሩ በድንኳን ይኖሩ ነበር። ዘማቹም ሠራዊት በሶውንና ቋንጣውን ሰንቆ፥ ቀኑን ቈጥሮ ይነሣ ነበር እንጂ እንዲያው በዘፈቀደ አይወጣም ነበር። እኛ ተማሪዎች ግን ድንኳኑን እንጂ መሰናዶውን አልወረስንም።

ይህን የምለው ከደረሰብን ነገር ተነሥቼ ነው። ባለፈው ዓመት ስድስት ሆነን ከፉሪ ብዙ በማይርቅ ጫካ አንድ ሌሊት ልናድር ሄድን። ብርዱ ሲበረታብን የከሰሉን ማንደጃ ከነፍሙ ወደ ድንኳኑ አስገብተን በሩን ዘጋን። ከእኩለ ሌሊት በኋላ አንዱ ጓደኛችን ሊያስታውክ ተነሥቶ ወደቀ፤ የአወዳደቁ ድምፅ ባያነቃን ኖሮ ይህን ጽሑፍ የሚጽፍ ባልተገኘም ነበር። እርሱም ሁለት ቀን ሐኪም ቤት ተኝቶ በእግዚአብሔር ቸርነት ዳነ። ከዚያ ወዲህ ወላጆቻችን የድንኳንን ነገር መስማት አይፈልጉም፤ እውነትም አላቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ ለጓደኞቼ እንደ ትምህርት፥ ለወላጆቻችን ደግሞ እንደ ማመልከቻ ሆኖ እንዲቈጠርልኝ እለምናለሁ።

1ኛ. ስለ ቦታው

የመረጥነው ቦታ ወንጪ ነው። ወንጪ የጥንት እሳተ ገሞራ አፍ ውሃ ሞልቶት ሐይቅ የሆነበት፥ ዙሪያው ጽድና አስታ በበቀለበት ተራራ የተከበበ አገር ነው። በሐይቁ ውስጥ ባለው ደሴት የቂርቆስ ቤተ ክርስቲያን ይገኛል። የዓለም የቱሪዝም ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ነው። ከፉሪ ሲነሡ በሰበታና በቱሉ ቦሎ በኩል እስከ ወሊሶ ይኬዳል፤ ከዚያም ወደ ሰሜን ታጥፎ ዳገቱን መውጣት ነው።

ከመነሣት በፊት ሁለት ነገር ይፈጸማል። አንደኛው፥ በቦታው ለማደር ከአካባቢው አስተዳደር ፈቃድ መጠየቅና የመንገዱን ጸጥታ ማረጋገጥ ነው። ጸጥታው የማያስተማምን ከሆነ ጉዞው ይቀራል፤ ሐይቁ የትም አይሄድም። ሁለተኛው፥ አገሩን የሚያውቅ መሪ ከአካባቢው ሰዎች መቅጠር ነው።

2ኛ. ስለ ጊዜው

በክረምት መንገዱ ጭቃ፥ ተራራው ጉም ነው። በጥቅምት ደግሞ ዝናሙ ቢያባራም ብርዱ ይጸናል፤ አባቶቻችን «በጥቅምት አንድ አጥንት» ያሉት በከንቱ አይደለም። ስለዚህ በጥር መጨረሻ የሚሆነውን የትምህርት ዕረፍት መርጠናል።

የቀኑ አቈጣጠር ግን ከመነሻው ሳይሆን ከመጨረሻው ይጀመራል። ፀሐይ የምትጠልቀው ወደ 12 ሰዓት ነው። ድንኳን የሚተከለው በብርሃን ስለሆነ በ10 ሰዓት ሥራው መጀመር አለበት። ከተራራው ጫፍ ወደ ሐይቁ የሚያወርደውን መንገድ ከነሸክም 2 ሰዓት ብንሰጠው፥ ከጫፉ ላይ በ8 ሰዓት መድረስ ይገባናል። ለመኪናው፥ ለምሳና ለድንገተኛ ነገር 7 ሰዓት ብንተውለት ከፉሪ የምንነሣው ከጠዋቱ 1 ሰዓት ላይ ይሆናል። ስንመለስ መንገዱ ዳገት ስለሆነ ለወረድንበት እጥፍ ጊዜ መመደብ ነው።

3ኛ. ስለ ብርዱ

አየር በየ1,000 ሜትሩ ከፍታ በአማካይ ወደ 6.5 ዲግሪ ያህል ይቀዘቅዛል። ሐይቁ ከባሕር ወለል በላይ 2,900 ሜትር ገደማ ስለሆነ ከሰፈራችን 600 ሜትር ያህል ይበልጣል፤ ስለዚህ በፉሪ ሌሊቱ 8 ዲግሪ በሆነ ጊዜ በዚያ ወደ 4 ዲግሪ ይወርዳል ብሎ መገመት ነው። ከዚህም በላይ ቀዝቃዛ አየር ከባድ ስለሆነ በጠራ ሌሊት እንደ ውሃ ወደ ጐድጓዳው ይወርዳል። ድንኳኑ ከሐይቁ ዳር ከፍ ብሎ፥ ነፋስ በማያገኘው ቦታ መተከል ያለበት ስለዚህ ነው። ደግሞም መሬት ከተኛ ሰው ሙቀትን ይወስዳል፤ ከላይ ሁለት ብርድ ልብስ ደርቦ ከታች ምንም ያላነጠፈ ሰው ሲንቀጠቀጥ ያድራል። ደረቅ ጭድ የተሞላ ጆንያ ለዚህ መልካም ምንጣፍ ነው።

4ኛ. ስለ እሳት

ከሰል አየር በማይገባበት ቦታ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። ይህ ጋዝ መልክም ሽታም የለውም። በደማችን ውስጥ ኦክሲጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢንን ከኦክሲጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዘዋል፤ ሰውየውም እንቅልፍ የወሰደው እየመሰለው ይታፈናል። በከፍተኛ ቦታ አየሩ ቀድሞውኑ ስስ ስለሆነ አደጋው ይብሳል። ስለዚህ ፍም፥ ፋኖስም ቢሆን፥ ወደ ድንኳን አይገባም። ራስ ምታት ወይም ማቅለሽለሽ የተሰማው ሁሉ ወዲያው ወደ ውጭ ይወጣል፤ ጓደኞቹንም ይቀሰቅሳል። ነገርን ሳይቃጠል በቅጠል ይሏል ይህ ነው።

5ኛ. ስለ ስንቅና ስለ ውሃ

በዚያ ከፍታ ውሃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ90 ዲግሪ ገደማ ነው፤ ስለዚህ ባቄላና ሽምብራ ቶሎ አይበስልም፥ ማገዶም ይፈጃል። ይልቁንም በሶ፥ ቆሎ፥ ዳቦ ቆሎ፥ ጭኮና ድርቆሽ ይያዛል፤ እናቶቻችን ይህን ከእኛ ይልቅ ያውቁታል። የሐይቅና የምንጭ ውሃ ከተንተከተከ በኋላ 3 ደቂቃ ሳይፈላ አይጠጣም። ለአንድ ሰው በቀን 3 ሊትር ብንመድብ፥ ከ2 አስተማሪዎች ጋር 14 ስለምንሆን በቀን 42 ሊትር እንፈልጋለን ማለት ነው።

6ኛ. ስለ ምግባር

ማገዶው ከአገሬው ይገዛል እንጂ ከቆመ ዛፍ አይቈረጥም። አንድ ጽድ እስኪያድግ የሰው ዕድሜ ያልፋል። በጀልባ የሚሻገር ሁሉ መንሳፈፊያ ልብስ ይለብሳል፤ ዋና ዐውቃለሁ ማለት ምክንያት አይሆንም። ወደ ደሴቱ የሚሄድም ሥፍራው የጸሎት ቤት መሆኑን ዐውቆ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። ቈሻሻችንን በጆንያ ይዘን እንመለሳለን።

የተከበራችሁ ወላጆቻችን፤ ያን ሌሊት የወደቀው ጓደኛችን ከዚህ ጉዞ ስንቀጥር በመጀመሪያ ስሙን ያስመዘገበ ነው። የእሳቱንም ጥበቃ እኔ ልያዝ ብሎ ራሱ ጠይቆ ተቀብሏል። እናቱ ግን እስካሁን እሺ አላሉትም። እኛም እርሳቸው ይህን ጽሑፍ አንብበው የጐደለውን እስኪነግሩን ድረስ የመነሻችንን ቀን አልቈረጥንም።