አሮጌ የመስክ መኪና ክላሲክ ሊሆን ይችላልን?

በለቡ መብራት ኃይል ባለው ግቢያችን አንድ አሮጌ ላንድሮቨር ቆሞ ይገኛል። ባለፈው የካቲት አንድ ቁራሌ አሉሚኒየሙን በኪሎ ሊገዛ መጣ። እናቴ «ይሸጥ፤ ለታናናሾችህ ደብተርና ልብስ ይሆናል» ስትል፣ የሰፈራችን መካኒክ ግን «ይህ ክላሲክ ነው፤ አይነካ» አለ። ከሁለቱ እውነቱ ከማን ጋር ነው? ይህን ለማወቅ ጥቂት አጠናሁ፤ ያገኘሁትንም እነሆ አቀርባለሁ።

ላንድሮቨር ለሕዝብ የታየው በሚያዝያ 1940 ዓ.ም. (በአውሮፓ አቆጣጠር 1948) በአምስተርዳም የመኪና ትርዒት ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ አገር ብረት በልክ ይታደል ስለ ነበር፣ የሮቨር ኩባንያ መሐንዲሶች የመኪናውን አካል ከአሉሚኒየም ቅይጥ ሠሩት። ስለዚህ አካሉ እንደ ብረት አይዝግም፤ ሻንሲው ግን ብረት ነውና ይዝጋል። አራቱም ጎማዎቹ በሞተሩ ኃይል ሊዞሩ ስለሚችሉ መንገድ በሌለበት ይሄዳል። በአገራችን ታሪክም ስፍራ አለው፤ ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ በሐዳር፣ የድንቅነሽ አጥንት በተገኘ ጊዜ ተመራማሪዎቹ ዶናልድ ጆሃንሰንና ቶም ግሬይ ወደ ቦታው የሄዱት በላንድሮቨር ነበር።

እንግዲህ ክላሲክ ማለት ምንድን ነው? ፊቫ የተባለው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1966 የተቋቋመው ዓለም አቀፍ የታሪካዊ ተሽከርካሪዎች ማኅበር በተለይ 3 ነገር ይጠይቃል። አንደኛ፣ ዕድሜው ቢያንስ 30 ዓመት ይሁን፤ ሁለተኛ፣ የጥንት ይዞታው ተጠብቆ የቆየ ይሁን፤ ሦስተኛ፣ ለዕለት ተዕለት መጓጓዣ የማይውል ይሁን።

የአባቴን መኪና በዚህ ሚዛን እንመዝነው። ሊብሬው እንደሚያሳየው ዕድሜው ከ50 ዓመት በላይ ነው፤ ከቆመም 6 ዓመት ሆኖታል። በሁለተኛው ግን ይወድቃል፤ የቤንዚን ሞተሩ ወጥቶ በምትኩ የቶዮታ ናፍጣ ሞተር ገብቶለታል። «አባባ፣ ለምን ለወጥኸው?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ልጄ፣ እህል ጭኖ ከገጠር መምጣት ነበረበት፤ ለሙዚየም አልገዛሁትም» አለኝ። እውነቱን ነው። በአገራችን አሮጌ መኪና የሚቆየው ስለሚሠራ ነው፤ እንዲሠራም ይለወጣል። ከሞት ያዳነው ጥገና ራሱ ከክላሲክነት አራቀው።

ስለዚህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው፤ ዕድሜ ብቻውን ክላሲክ አያደርግም። ይሁን እንጂ ከመኪናው የወጣው ዕቃ እስካልጠፋ ድረስ ተስፋ አለ። የጥንቱ ሞተር በጆንያ ተጠቅልሎ እስከ ዛሬ ከጓሮ ተቀምጧል። አሉሚኒየሙ ግን አንድ ጊዜ ቀልጦ ድስት ከሆነ የሚመልሰው የለም።

አባቴ ይህን ካነበበ በኋላ እስከ መስከረም ጊዜ ሰጥቶኛል፤ ሞተሩ ከተነሣ መኪናው ይቀራል፤ ካልተነሣ ይሸጣል። የእናቴም ችግር እውነተኛ ስለ ሆነ ፍርዱን ተቀብያለሁ። እናንተም ወላጆቻችን፣ አሮጌ ዕቃ በአዲስ ስትተኩ፣ የወጣውን ቶሎ አትጣሉት።