የመላጊያ ማሽን ምላጭ አመራረጥ፦ ከዋጋው በፊት የሚሳልበትን ቦታ መጠየቅ
የጎረቤላን ሁኔታ መነሻ ያደረገ ትንታኔ

መግቢያ

ጣውላ በር፣ መስኮት ወይም ጠረጴዛ ከመሆኑ በፊት አንድ ገጹና አንድ ጎኑ ቀጥ ብለው መስተካከል ይኖርባቸዋል። ይህን ሥራ የሚያከናውነው የገጽ መላጊያ ማሽን ነው። ማሽኑ የመግቢያና የመውጫ ጠረጴዛዎች ያሉት ሲሆን፣ በመካከላቸው ሁለት፣ ሦስት ወይም አራት ምላጮች የታሰሩበት ሲሊንደር አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃ ከ4,000 እስከ 6,000 ዙር ይሽከረከራል። ምላጮቹ ሲያልቁ ወይም ሲሸረፉ በሌላ ይተካሉ። በዚህ ጊዜ በቅድሚያ የሚጠየቀው የምላጩ ርዝመትና ዋጋ ነው።

የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ የጥያቄዎቹ ቅደም ተከተል መለወጥ አለበት የሚል ነው። ቀዳሚው ጥያቄ «ይህ ምላጭ ሲደነዝ የት ይሳላል?» ሊሆን ይገባል። ቀጥሎ ከማሽኑ ጋር በትክክል መግጠሙና ከሚላገው እንጨት ጋር መስማማቱ ይታያሉ። ዋጋው በመጨረሻ የሚመጣ ነው፤ እርሱም ቢሆን በአንድ ምላጭ ሳይሆን ከምላጩ በሚገኘው የስለት ብዛት መሰላት አለበት።

አካባቢውና እንጨቱ

ጎረቤላ የአንኮበር ወረዳ ዋና ከተማ ናት። ከደብረ ብርሃን በስተምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ደጋው ወደ አፋር ቆላ በሚወርድበት ገደላማ ስፍራ ላይ ትገኛለች። ደብረ ብርሃን ደግሞ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ትርቃለች። ስለዚህ ደብረ ብርሃን ተስሎ የሚመለስ ምላጭ በደርሶ መልስ 80 ኪሎ ሜትር፣ አዲስ አበባ ድረስ የሚሄድ ደግሞ 340 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። ይህ ርቀት ራሱ የምላጩ ዋጋ አካል ነው።

በሰሜን ሸዋ ደጋ ለአናጺ በቅርብ የሚገኙት እንጨቶች በዋናነት ነጭ ባሕር ዛፍና የፈረንጅ ጥድ ናቸው። በወፍ ዋሻ ደን የሚገኙት የሐበሻ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ የተፈጥሮ ደን ሀብት በመሆናቸው ጥበቃ የሚገባቸው ናቸው፤ የዕለት ተዕለት የጣውላ ምንጭ ተደርገው ሊቆጠሩ አይገባም። ሁለቱ ተተካይ ዛፎች በባሕርያቸው በእጅጉ ይለያያሉ። ደረቅ የፈረንጅ ጥድ በሜትር ኩብ 450 ኪሎ ግራም ገደማ የሚመዝን፣ ለስላሳና ክሩ ቀጥ ያለ እንጨት ነው፤ የሚያስቸግረው አንጓው ብቻ ነው። ደረቅ ነጭ ባሕር ዛፍ ግን ከ700 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፤ ክሮቹም እየተጠላለፉ ስለሚያድጉ ምላጩ በአንድ በኩል ሲልግ በሌላው በኩል ይቦጭቃል። እርጥብ በሆነበት ጊዜ በውስጡ ያለው አሲዳማ ፈሳሽ ብረትን ስለሚበላ ስለቱ በመፋተግ ብቻ ሳይሆን በዝገትም ይጎዳል። ከዚህም በላይ በመሬት ላይ የተጎተተ ግንድ አሸዋና ጠጠር ይዞ ይመጣል፤ ከአሮጌ ቤት የፈረሰ እንጨት ደግሞ ምስማር አያጣም።

የምላጭ ብረት ዓይነቶች

በገበያ ላይ የሚቀርቡትን ምላጮች በሦስት መክፈል ይቻላል። የመጀመሪያው ጥቂት ክሮም ያለበት ተራ የመሣሪያ ብረት ነው። ርካሽና በቀላሉ የሚሳል ቢሆንም ቶሎ ይደነዝዛል፤ ሲሳልም ግሎ ወደ ሰማያዊነት ከተለወጠ ጥንካሬውን ያጣል። ሁለተኛው «ኤችኤስኤስ» የሚል ምልክት የሚታተምበት ሃይ ስፒድ ስቲል ነው። በብዛት የሚታወቀው ዓይነት 6 በመቶ ተንግስተን፣ 5 በመቶ ሞሊብዲነም፣ 4 በመቶ ክሮምና 2 በመቶ ቫናዲየም ገደማ የያዘ ሲሆን፣ እስከ 600 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በሚደርስ ሙቀት ጥንካሬውን ይጠብቃል። በተለመደው የመሳያ ድንጋይ ይሳላል። ሦስተኛው የተንግስተን ካርባይድ ቅንጣቶች በኮባልት ተጣብቀው የሚሠሩበት ካርባይድ ነው። ስለቱ ከሌሎቹ ብዙ እጥፍ ይቆያል፤ ነገር ግን ተሰባሪ ነው፤ በአግባቡ ለመሳልም የአልማዝ ዲስክ ይፈልጋል።

የካርባይድ ብልጫ የሚታየው እንጨቱ ንጹሕ በሆነበትና የአልማዝ መሳያ በቅርብ በሚገኝበት ፋብሪካ ነው። አሸዋና ምስማር ባለበት ጣውላ ላይ ግን አንድ ምስማር ስለቱን ሊሸርፈው ይችላል። የሚስለው ባለሙያ ሩቅ ከሆነ የተሸረፈው ምላጭ፣ ውድ ሆኖ ሳለ፣ ሥራ ፈቶ ይቀመጣል።

ዋጋን በስለት ብዛት ማስላት

ለአብነት 30 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው የሃይ ስፒድ ስቲል ምላጭ ይወሰድ። አምራቹ ያስቀመጠው ዝቅተኛ ቁመት 20 ሚሊ ሜትር ቢሆን 10 ሚሊ ሜትር የሚሳል ብረት አለ። በአንድ ጊዜ 0.3 ሚሊ ሜትር ቢነሣለት 33 ጊዜ ያህል ይሳላል፤ ከመጀመሪያው ጋር 34 ስለት ይሰጣል ማለት ነው። በአንጻሩ ሁለት ስለት ብቻ ያለውና ተገልብጦ ካገለገለ በኋላ የሚጣለው ምላጭ በመደብር ዋጋው ቢረክስም፣ በየጊዜው ከከተማ ማስመጣትን ይጠይቃል።

ትክክለኛው ንጽጽር የሚገኘው የግዢውን ዋጋ ከጠቅላላው የመሳያና የመጓጓዣ ወጪ ጋር ደምሮ በስለቶቹ ብዛት በማካፈል፣ ከዚያም እያንዳንዱ ስለት ስንት ሜትር ጣውላ እንደሚልግ በመመዝገብ ነው። ምላጩ ለመሳል በሚሄድበት ጊዜ ማሽኑ የሚቆምበት ቀንም በወጪነት ሊያዝ ይገባል።

መጠንና ግጥም

ምላጭ በርዝመቱ ብቻ አይገዛም። ውፍረቱ፣ ቁመቱና የብሎን ቀዳዳ ካለው የቀዳዳው ቦታ በካሊፐር መለካት አለበት። የኢንች መለኪያ የሚጠቀም ማሽን 3.175 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ምላጭ ሊፈልግ ይችላል፤ ገበያ ላይ የሚገኘው ደግሞ 3 ሚሊ ሜትር ሊሆን ይችላል። ልዩነቱ ለዓይን ባይታይም ምላጩን የሚይዘው ሽብልቅ የሚጨብጠው በዚሁ ልክ ነው።

የሽብልቁ ጉዳይ የሰው እጅ ጉዳይ ነው። 310 ሚሊ ሜትር ርዝመት፣ 30 ሚሊ ሜትር ቁመትና 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የሃይ ስፒድ ስቲል ምላጭ 230 ግራም ገደማ ይመዝናል። የክብደቱ ማዕከል ከሲሊንደሩ መሐል 35 ሚሊ ሜትር ርቆ በደቂቃ 5,000 ዙር ቢሽከረከር፣ ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል 2,200 ኒውተን ያህል ይሆናል፤ ይህም ከ200 ኪሎ ግራም በላይ ክብደት ማለት ነው። ስለዚህ ከዝቅተኛ ቁመቱ በታች የተሳለ ምላጭን «ገና ይሠራል» ብሎ ማሰር ቁጠባ አይደለም። የሚይዘው ሽብልቅ በቂ መጨበጫ ካላገኘ ምላጩ ሊወረወር ይችላል።

የአንድ ስብስብ አስፈላጊነት

ምላጮች አንድ በአንድ መተካት የለባቸውም። በአንድ ስብስብ ተገዝተው በአንድነት መሳል አለባቸው። በሦስት ምላጮች መካከል አንዱ በ5 ግራም ቢከብድ ከላይ በተጠቀሰው ፍጥነት ወደ 48 ኒውተን የሚጠጋ ያልተመጣጠነ ኃይል በሴኮንድ 83 ጊዜ ሲሊንደሩን ያንገጫግጨዋል፤ ኩሽኔታውንም ያደክማል። ክብደታቸውን በጥሩ ሚዛን ማመሳከር ይህን ያስቀራል።

ቁመታቸውም እኩል መሆን አለበት። ጣውላው በደቂቃ 6 ሜትር ሲገፋ ሦስቱም ምላጮች ከላጉ በሁለት ቅጠቶች መካከል ያለው ርቀት 0.4 ሚሊ ሜትር ነው። አንዱ ብቻ ከፍ ብሎ ከላገ ግን 1.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የሞገዱ ጥልቀት በርቀቱ ካሬ ስለሚጨምር ዘጠኝ እጥፍ ይሆናል። ሦስት ምላጭ ተገዝቶ በአንድ ምላጭ መሥራት ማለት ይህ ነው።

ለባሕር ዛፍ መቦጨቅ ሌላ ምላጭ መግዛት ሁልጊዜ አያስፈልግም። በምላጩ የፊት ገጽ ላይ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ የሆነ ጠባብ ተዳፋት ማውጣት የመቁረጫውን አንግል ስለሚያቀና መቦጨቁን ይቀንሳል፤ በምትኩ ለመግፋት የሚያስፈልገው ኃይል ይጨምራል። በመሆኑም አንዱ ስብስብ ለጥድ፣ ሌላው ለባሕር ዛፍ ሊዘጋጅ ይችላል።

ማጠቃለያ

እንደ ጎረቤላ ባለች ከተማ ለሚሠራ የእንጨት ሥራ ቤት አንድ የካርባይድ ስብስብ ከመግዛት ይልቅ ሁለት ተመሳሳይ የሃይ ስፒድ ስቲል ስብስቦች መያዝ ይመረጣል። አንዱ ለመሳል ሲሄድ ሌላው ይሠራል። ጥቅሙ ጊዜ ማትረፍ ብቻ አይደለም፤ አናጺው በደነዘ ምላጭ ለመሥራት አይገደድም። የደነዘ ምላጭ ጣውላውን ወደ ኋላ ይመታል፤ ሠራተኛው አብዝቶ እንዲገፋ ያደርገዋል፤ ጣውላው በድንገት ሲያመልጥ እጁ የሚያርፈው በሲሊንደሩ ላይ ነው።

ምላጭ በሚቀየርበት ጊዜ ደግሞ ማሽኑ ከኤሌክትሪክ መስመሩ መነቀል አለበት። መብራት የጠፋበትን ሰዓት ለዚህ ሥራ መጠቀም የተለመደ ብልሃት ቢሆንም፣ ማብሪያው ሳይዘጋ ከተተወ መብራቱ ሲመለስ ሲሊንደሩ ሊነሣ ይችላል። ከተገጠመ በኋላ ብሎኖቹ ሁሉ ዳግመኛ መጥበቃቸው ይረጋገጥ፤ የወጣው ስብስብም ከሙጫና ከሰጋቱራ ጸድቶ፣ ዘይት ተቀብቶ፣ ስለቱ ተሸፍኖ ይቀመጥ። በጉምና በእርጥበት በሚታወቀው የአንኮበር ደጋ፣ ሳይቀባ የተቀመጠ ብረት ሳይሠራ ይዝጋል።